ጥሻውን ማን ይመንጥር? ከገራዶ ማማ ላይ የታየ ታሪክ

ከደሴ ወደ ገራዶ ወርዶ በማሳ ዳር ዳር የሄደ ሰው ማማ ሳያይ አይመለስም። አራት ቋሚ እንጨት፣ ከላይ ርብራብ፣ ለዝናብ ጥቂት ሳር። እህል ሲያሸት አንድ ሰው እዚያ ላይ ያድራል። ባለፈው ጥቅምት ከእንዲህ ያለ ማማ ሥር ከአንድ አዛውንት ገበሬ ጋር ተቀምጬ ነበር። ማሳቸው የሚያልቀው ከዳገቱ ሥር ነው። ከዚያ በላይ ከሰውና ከከብት የተከለለ ተራራ ነው፤ ክትክታው፣ አጋሙና ቀጋው ተጠላልፎ ወደ ላይ ይወጣል።

«ልጄ፣ ከዚህ ላይ ሆኜ ምን ይታየኛል ብለህ ነው?» አሉኝ። «ክትክታው ድንበሬ ድረስ መጥቷል። ከርከሮው ሲመጣ አላየውም። የማየው እህሉ ውስጥ ገብቶ ካወደመው በኋላ ነው።»

«ታዲያ ምን ቢደረግ ይሻላል አባቴ?»

«ከማማዬ እስከ ዳገቱ ሦስት ቀጫጭን መንገድ ልመንጥር ቢሉኝ ወላሂ ይበቃኝ ነበር። ጫካውን ማን ይንካ አለ? ለዓይኔ ነው ያልኩ።»

ይህንኑ ለሚመለከተው ቢሮ ጠይቀው ነበር። መልሱ አጭር ነው፦ የተከለለ መሬት አይነካም። ያልጠየቀው ጎረቤታቸው ግን አንድ ሌሊት ከልጆቹ ጋር ወጥቶ የድንበሩን ጥሻ ሙልጭ አድርጎ መነጠረው። እንጨቱም ደሴ ገብቶ ተሸጠ። እስከ ዛሬ የጠየቀው የለም። የጠየቁት ሰው ተከለከሉ፤ ያልጠየቀው ወሰደ።

ያን ቀን ወደ ደሴ ስመለስ «ለዓይኔ ነው» ያሏት ቃል ከአእምሮዬ አልጠፋችም። ጉዳዩ የአንድ ማሳ ጉዳይ አልመስልህ አለኝ። እኛ አገር ጥሻ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ ወይ ሙሉ በሙሉ ይመነጠራል፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። በመሀል ያለውን፣ ማለትም ጥሻውን እያኖሩ ለዓይን የሚሆን ቀጭን መንገድ መክፈትን፣ ሕጋችንም ልማዳችንም ረስቶታል። ለምን ረሳው? ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ነው።

◆ አዳኝ ለምን ጥቂት ብቻ ይቆርጣል?

አዛውንቱ የጠየቁት ነገር ሌላው ዓለም ላይ ስም ያለው ሙያ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ መሬት ያላቸው አዳኞች ከአደን ወቅት ወራት ቀደም ብለው ጥሻ ውስጥ ይገባሉ። ከሚቀመጡበት ማማ ወይም መደበቂያ ተነሥተው፣ እንደ እጅ ጣቶች ወደ ውጭ የሚዘረጉ ጥቂት ቀጭን መስመሮችን ይከፍታሉ። የተኩስ መስመር ልንለው እንችላለን። ስፋቱ ጥቂት እርምጃ ነው። ብዙ ጊዜ ዛፍ አይቆረጥም፤ ዓይን የሚጋርደው ቅርንጫፍና ቁጥቋጦ ብቻ ይመለመላል።

ቀድመው የሚሠሩት በምክንያት ነው። አጋዘን መንገዱ ላይ አዲስ ነገር ሲያይ ይሸሻል፤ ሲለምደው ግን ተመልሶ ያቋርጠዋል። የተቆረጠውን ቅርንጫፍም አይጥሉትም፤ እንስሳው በሚፈልጉት በኩል እንዲያልፍ በሌላው በኩል ይከምሩታል። ዓላማው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጥይቱ ቅርንጫፍ መትቶ አቅጣጫ እንዳይስትና እንስሳው ቆስሎ እንዳይሄድ ነው። ሁለተኛው፣ ተኳሹ ከእንስሳው ጀርባ ሰው ወይም ቤት አለመኖሩን አይቶ እንዲተኩስ ነው።

ዋናው ትምህርት ግን ሌላ ነው። ያ አዳኝ ከሚገባው በላይ ቢመነጥር የሚጎዳው ራሱ ነው። መደበቂያ ያጣ እንስሳ ወደ ጎረቤት መሬት ይሄዳል። ስለዚህ በአንድ እጁ ጥሻውን እየቆረጠ በሌላ እጁ ይጠብቀዋል። መጥረቢያውን የሚገድበው የራሱ ጥቅም ነው፤ ዘበኛም ሕግም ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

የአውሮፓ ነገሥታትም በሌላ መልኩ ይህንኑ አድርገዋል። በፈረንሳይ የኮምፒዬኝ ደን ውስጥ ንጉሥ ፍራንሷ 1ኛ በ16ኛው መቶ ዘመን ከአንድ ማዕከል የሚነሡ 8 ቀጥ ያሉ መንገዶችን አስከፍቶ ነበር፤ ተከታዮቹ ነገሥታት ደግሞ ጨመሩበት። እነዚያ መንገዶች ለተኩስ ሳይሆን በፈረስና በውሻ ለሚደረግ አደን የተሠሩ ናቸው። ደኑ ግን የቆየው ንጉሡ ማደን ስለሚወድ ነው። ይህ ፍትሕ ነው ማለቴ አይደለም። ድሀው ገበሬ በንጉሥ አጋዘን እህሉ ሲበላ ዝም በል ይባል ነበር። ፍትሕ ባይሆንም ጥሻው እንዲኖር የሚፈልግ ባለቤት ነበረው።

◆ የፈራ ሰው ምንጣሮ

ሌላ ዓይነት ምንጣሮም አለ። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ እ.ኤ.አ. በ1285 የዊንቸስተር ሕግ የተባለውን ድንጋጌ አወጣ። ከአንድ የገበያ ከተማ ወደ ሌላው የሚወስደው ዐቢይ መንገድ በግራም በቀኝም 200 ጫማ፣ ማለትም 60 ሜትር ያህል፣ ከጥሻና ከቁጥቋጦ እንዲጸዳ አዘዘ። ምክንያቱ ሽፍታ ነው፤ ክፉ ያሰበ ሰው የሚያደፍጥበት እንዳያገኝ። ትልልቅ ዛፎች እንዳይነኩ ግን ሕጉ ራሱ ለይቷል። ያ ዓመት በእኛ አገር ከዚሁ ከቤተ አምሐራ የተነሡት አፄ ይኩኖ አምላክ ያረፉበት ተብሎ የሚቆጠረው ዓመት ነው።

የአዳኙ ምንጣሮና የኤድዋርድ ምንጣሮ በመጥረቢያ አንድ ናቸው፤ በሐሳብ ግን ተቃራኒ ናቸው። አዳኙ የሚቆርጠው በጥሻው ውስጥ ያለውን ስለሚፈልገው ነው። ንጉሡ የሚያስቆርጠው በጥሻው ውስጥ ያለውን ስለሚፈራው ነው።

እኛ ወደየትኛው እንቀርባለን? ቋንቋችን ይመሰክራል። «ዱር ቤቴ» ያለ ሰው ሸፍቷል ማለት ነው። «ጫካ ገባ» ማለት ምን እንደሆነ ለዚህ ቻናል አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። «መነጠረ» የሚለው የገበሬ ቃል ደግሞ በደርግ ዘመን ከማሳ ወጥቶ ከተማ ገባ፤ «አሰሳና ምንጠራ» ተብሎ ለሰው ልጅ ዋለ። ጥሻና ጠላት በአንድ ግስ የሚጠሩበት አገር ውስጥ ጥሻን በልክ መቁረጥ የሚባል ሐሳብ በቀላሉ አይበቅልም። ጠላት በልክ አይመነጠርማ።

◆ የጀግና አደን

«እኛስ የአደን ባህል የለንም እንዴ?» የሚል ይኖራል። አለን፤ ያውም ትልቅ። ግን የእኛ አደን መሬት የሚይዝ አደን አልነበረም።

በአገራችን ታሪክ አደን ከጦር ሜዳ ጀግንነት ጋር የሚቆጠር ነበር። ዝሆን የገደለ ጆሮው ላይ ጌጥ ያደርጋል፤ አንበሳ የገደለ በጎፈሩ ያጌጣል፤ ግዳይ ጥሎ የተመለሰ በፉከራና በሽለላ ይገባል። ገበሬው ሚዳቋ፣ ቆቅና ጅግራ ለምግብ ያድናል፤ መኳንንቱ ደግሞ ለክብርና ለዝሆን ጥርስ ሩቅ ቆላ ይወርዳሉ። በብዙ አካባቢ ግዳዩ የሚቆጠረው መጀመሪያ ላቆሰለው ነው። ይህን ልብ በሉ። ክብሩ መጀመሪያ ደም ላፈሰሰ ከሆነ፣ እስኪመቻች ጠብቆ፣ መስመር ከፍቶ፣ አንድ ጊዜ በትክክል የሚተኩስ ሰው ምን ይጠቀማል? ቀድሞ የሮጠ ያሸንፈዋል።

ገዢውም ከሁለቱ የዝሆን ጥርስ አንዱን ይወስዳል እንጂ ዝሆኑ የሚኖርበትን ጫካ አይጠብቅም። ድርሻው ከሞተው እንስሳ ላይ ነው። ከቆመው እንስሳ ላይ ድርሻ ያለው ሰው አልነበረም። ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ጠብመንጃ እንደ ልብ ሲገባ ውጤቱ ምን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ትልልቁ እንስሳ ከደጋው ጠፍቶ ወደ ጠረፍ ተገፋ።

መንግሥት አልተኛም። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1909፣ በእኛ በ1901 ዓ.ም. ገደማ፣ በተለይ የዝሆን አደንን የሚገድብ ደንብ አወጡ። ከጣልያን በኋላ በ1936 ዓ.ም. የዱር እንስሳት ጥበቃ አዋጅ ወጣ፤ በ1964 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 416 ተከተለ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጣ። ሁሉም የሚናገሩት በዋናነት ስለ ፈቃድ ነው፦ ማን ይግደል፣ ምን ይግደል፣ ስንት ይክፈል። ከተከለለው ተራራ ሥር እህል የሚዘራው ሰው በማሳውና በጥሻው መካከል ምን ማድረግ እንደሚችል የሚነግረው ሕግ የለም። ከርከሮ ያለ ፈቃድ መግደል ይከለከላል። መልካም። ከርከሮው እንዳይደበቅ ጥሻ መመልመልስ? እሱንም የደን ሰዎች ይከለክላሉ። አዛውንቱ የተያዙት በሁለት ክልከላ መካከል ነው።

◆ የወሎ ጥሻ የት ሄደ?

ስለ ወሎ መራቆት ስንሰማ ያደግነው አንድ ታሪክ አለ፦ ድሮ ሁሉ ደን ነበር፣ ገበሬው ጨፈጨፈው፣ ድርቅ መጣ። በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ዓለም ያየው ራቁት ተራራ ለዚህ ታሪክ ማስረጃ ሆነ። ነገሩ ግን እንዲያ ቀላል አይደለም።

አርማንዶ ማውጂኒ የተባለ ጣልያናዊ የግብርና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1937 በወሎ ሲዘዋወር ፎቶግራፎች አንሥቶ ነበር። ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ እነዚያን ፎቶዎች ይዞ ወደየቦታቸው ተመለሰና ከዚያው ቦታ ቆሞ እንደገና አነሣ። ውጤቱ ብዙዎችን አስገረመ፤ በአብዛኛው ቦታ ዛፍ ጨምሮ እንጂ ቀንሶ አልተገኘም። ተራራው በ1937ም ገላጣ ነበር። የጨመረው ዛፍ በአመዛኙ ሰው በቤቱ ዙሪያና በማሳው ዳር የተከለው ነው፤ ከእነሱም ዋናው በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው።

በሌላ በኩል ተመራማሪው ክብሮም ተክሌ ከባልደረባው ላርስ ሄድሉንድ ጋር በኮምቦልቻ ዙሪያ ባለው በቃሉ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ1958 እና በ1986 ከአየር የተነሡ ፎቶዎችን አነጻጽረዋል። በ28 ዓመት ውስጥ ቁጥቋጦ የሸፈነው መሬት በግማሽ ያህል ቀንሷል። የወንዝ ዳር ዕፅዋትም እንዲሁ ተመናምኗል። ገላጣ መሬትና መንደር በብዙ ጨምሯል።

ሁለቱ ጥናቶች የሚጣሉ ይመስላሉ፤ አይጣሉም። አንደኛው ዛፍ ቆጠረ፣ ሁለተኛው ቁጥቋጦ ለካ። ዛፍ ባለቤት አለው፤ የተከለው ሰው ይጠብቀዋል፣ ይሸጠዋል፣ ለልጁ ያወርሰዋል። ጥሻ ባለቤት የለውም። ክትክታውን ለቤት ማገር፣ ለማገዶ፣ ለእጀታ ሁሉም ይወስደዋል፤ አጋሙን እረኛ ሁሉ ይለቅመዋል፤ ሲያልቅ ግን የማን ነበር የሚል የለም። ደሴና ኮምቦልቻ ሲያድጉ ምድጃቸውን ያነደደው አንዱ ይሄው ባለቤት የሌለው ጥሻ ነው። ሚዳቋውም፣ ቆቁም፣ ነብሩም የሚኖሩት ግን ባሕር ዛፍ ሥር አይደለም። ባሕር ዛፍ ሥር የሚደብቅ ነገር አይበቅልም። የዛፍ ቁጥር እያደገ እንስሳው የጠፋው ለዚህ ነው።

◆ መዝጋትና መክፈት

ከሁለቱ ረሃብ በኋላ መልሱ መዝጋት ሆነ። ደርግ በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር የወሎን ገበሬ አሰልፎ እርከን አሠራ፣ ችግኝ አስተከለ፣ ተራራ ከለለ። ከኮምቦልቻ በላይ ያለው የይጎፍ ደንም በዚያ ዘመን በመንግሥት እጅ ጠበቅ ብሎ ተያዘ። ሥራው ዋጋ ቢስ አልነበረም። ክብሮም ተክሌ በደቡብ ወሎ በተከለሉ ተዳፋቶች ላይ ባደረጋቸው ሌሎች ጥናቶች እንዳሳየው፣ ከብትና መጥረቢያ ሲርቅ የአገሩ ቁጥቋጦ ማንም ሳይተክለው ራሱ ይመለሳል። ቁጥቋጦ የተባለውስ ስለሚያቆጠቁጥ አይደል?

ችግሩ ሌላ ነበር። ተራራው ሲዘጋ ቁልፉ ወደ ቢሮ ሄደ። ገበሬው ለእርከኑ ስንዴና ዘይት ተቀበለ፤ በተራራው ላይ ግን መብት አልተሰጠውም። የዚህ ፈተና ቀን በ1983 ዓ.ም. መጣ። መንግሥት ሲወድቅ፣ ዘበኛው ሲበተን፣ በየቦታው የተከለለው ደን በጥቂት ወራት ተጨፈጨፈ። አንዳንዶች ይህን የገበሬው ድንቁርና ይሉታል። እኔ በሌላ መንገድ አየዋለሁ፤ ሰው የራሱ ያልሆነውን ነገር ባለቤቱ በሌለበት ቀን ወሰደ። በገራዶ ጎረቤትዬው በአንድ ሌሊት ያደረገው የ1983 ትንሽ ቅጂ ነው።

ዳገቱ ከዚያ በኋላ እንደገና ተከለለ፣ እንደገና አቆጠቆጠ። ጥሻው ሲመለስ ግን ብቻውን አልመጣም። ከርከሮ፣ ጃርት፣ ጦጣና ዝንጀሮ አብረው መጡ። ዝንጀሮና ከርከሮን የሚያድነው ነብር ግን በዚያው ቁጥር አልተመለሰም። ጠላት የሌለው ከርከሮ ከማሳ አጠገብ መደበቂያ ሲሰጠው ምን ያደርጋል? የተራራውን ልማት ወጪ የሚከፍለው እንግዲህ ከሥሩ የሚዘራው ሰው ነው፤ ባቄላና ስንዴ እየሰጠ፣ እንቅልፍ እየሰጠ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ማማ ላይ እያሳደረ።

◆ ጓሳ ያወቀችው

መሀሉ መንገድ በእኛ አገር ታይቶ አያውቅም ብዬ ነበር ለራሴ። ተሳስቻለሁ። ከወሎ ወደ ደቡብ፣ መንዝ ላይ፣ ጓሳ አለች። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ የውርጭ አገር ናት። ሕዝቡ ይህን ምድር ለ400 ዓመት ገደማ ራሱ ባወጣው ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ስሙ የቄሮ ሥርዓት ይባላል፤ ከቅርቡ የፖለቲካ ቃል ጋር አይምታታባችሁ።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። የአፅመ ርስት ባለመብቶች መሪ ይመርጣሉ። ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ማንም ከብት አያስገባም፣ ማንም ሣር አያጭድም፣ ማንም ቁጥቋጦ አይነቅልም። ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፤ ለጣሪያ፣ ለገመድ፣ ለከብት፣ ለማገዶ ሁሉም በድርሻው ይወስዳል። ከዚያ እንደገና ይዘጋል። በዚህ ሳቢያ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ አሉ። ልብ በሉ፤ ሕዝቡ የጠበቀው ለቀበሮው ብሎ አይደለም። ጓሳ ሣር ለቤቱ ስለሚያስፈልገው ነው። ቀበሮው በሰው ጥቅም ጥላ ሥር ተጠልሎ ኖረ።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ አፅመ ርስትን ሲሽር ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ለጭሰኛው ነፃነት የሆነው አዋጅ ለጓሳ ባለቤት አልባነት ሆነ። ሕዝቡ በኋላ ሥርዓቱን በአዲስ መልክ አነሣው፤ ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ሥፍራ ሆና በሕግ ታውቃለች። የጓሳ ትምህርት መዝጋት አይደለም። መዝጋቱን ሁሉም ያውቀዋል። ትምህርቱ የዘጋው ሰው የሚከፍተውም ራሱ መሆኑ ነው።

ሌላው ምሳሌ የሚያከራክር ነው፤ ቢሆንም ልጥቀሰው። በአርሲና በባሌ ተራሮች እንደ ሙነሳና ኦዶ ቡሉ ያሉ ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች አሉ። ሳይንስ እ.ኤ.አ. በ1910 ስም ያወጣለትና ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘውን የደጋ አጋዘን ለማደን የውጭ ሰው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል። በዓመት የሚፈቀደው ቁጥር ጥቂት ነው፤ የሚመረጠውም ያረጀ ወንድ ነው። ብርቅዬ እንስሳን ለመዝናኛ መግደል ያማል፤ እኔንም ያመኛል። ቆጠራው ትክክል ነው ወይ፣ ገንዘቡስ ለአካባቢው ሰው ይደርሳል ወይ የሚለው ክርክርም ገና አላበቃም። አንድ ነገር ግን መካድ አይቻልም። የአደኑ ድርጅት ያንን አስታና ቁጥቋጦ ዘበኛ ቀጥሮ የሚያስጠብቀው አጋዘኑ መደበቂያ ካጣ ደንበኛ እንደማይመጣ ስለሚያውቅ ነው። ጥሻው የሚቆመው መቆሙ የሚጠቅመው ሰው ሲኖር ነው።

◆ ወደ ማማው እንመለስ

አሁን የገራዶው ጥያቄ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ይታየናል። አዛውንቱ ሦስት ቀጫጭን መንገድ ሲጠይቁ ሳያውቁት አዳኞች የደረሱበትን ጥበብ ነው የጠየቁት። ጥሻው እንዲጠፋ አልፈለጉም። ማገዶውን ይፈልጉታል፤ ጎርፍ ከማሳቸው የሚከለክለውም ያው ጥሻ ነው፤ ይህን ከማንም ባለሙያ በላይ ያውቁታል። የፈለጉት ማየት ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ መስመሩ ለጥይት አይደለም። ከርከሮን ማባረር ወንጭፍ፣ ውሻ፣ ጩኸትና ጅራፍ ይበቃዋል፤ በጊዜ ከታየ። በጊዜ ካልታየ ግን ሰው ወደ መርዝ፣ ወደ እሳት ወይም ወደ ጠብመንጃ ይሄዳል። መርዙ ጅቡንም አሞራውንም ይጨርሳል። እሳቱ ዳገቱን ይበላል። ጠብመንጃው ደግሞ በዚህ ዘመን ሌላ ጣጣ አለው፤ ሌሊት የተተኮሰች አንዲት ጥይት ለከርከሮ ነው ብሎ የሚያምን የለም።

«ሦስት መስመር ብንፈቅድ ነገ ሦስት መቶ ይሆናል» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ የ1983ን ጥፋት ያዩ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን እላለሁ፦ ሦስት መቶው አሁንም እየተመነጠረ ነው፤ በሌሊት፣ ያለ ልክ፣ ከእነ ሥሩ። ክልከላው የሚያስቆመው የሚጠይቀውን ሰው ብቻ ነው።

ወሎ ለዚህ የሚሆን ተቋም አያጣም። ቅሬ አለ። ቀብር የሚያስፈጽም፣ ያልመጣውን የሚቀጣ፣ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ቅሬ የማሳ ዳር መስመር መቆጣጠር ያቅተዋል? ከተራራው ሥር የሚያርሱት በቅሬያቸው ይስማሙ። መስመሩ ስንት ክንድ እንደሚሰፋ በድንጋይ ይመልከቱ። ምልመላው በበጋ፣ እህል ከገባ በኋላ ይሁን። ክትክታው ከላይ ይቆረጥ፣ ሥሩ ይቆይ፤ ወይራና ጥድ አይነኩ። እንጨቱን ማማ ላይ ያደሩት ይካፈሉት። ከመስመሩ አልፎ የቆረጠ በቅሬው ይቀጣ፤ ቅሬው ካልቻለ ቀበሌው ይግባ። የቢሮው ሥራ መፍቀድና መከልከል ሳይሆን በዓመት አንድ ጊዜ መጥቶ ልኩ መጠበቁን ማየት ይሁን።

ይህ ከርከሮን አያጠፋም። ዝንጀሮንም በአንድ ቀን አያስተካክልም። ነገር ግን በዳገቱና በገበሬው መካከል ያለውን ነገር ይለውጠዋል። ዛሬ ያ ዳገት የመንግሥት ነው፤ ለገበሬው የሚልክለት ከርከሮ ብቻ ነው። ነገ መስመሩን የሚጠብቀው ሰው ከመስመሩ ግራና ቀኝ ያለውንም መጠበቅ ይጀምራል፤ ምክንያቱም ጥሻው ካለቀ የሚመለመል እንጨት የለም።

እንግሊዛዊው ንጉሥ ከፍርሃት የተነሣ 200 ጫማ አስመነጠረ። የእኛ መኳንንት ከክብር የተነሣ እንስሳውን ጨረሱት። ደርግ ከድንጋጤ የተነሣ ተራራውን ዘጋው። የገራዶው አዛውንት ጥቂት ክንድ ብቻ ነው የለመኑት። ከሁሉም ያነሰውን የጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ እስካሁን እምቢ የተባሉትም እሳቸው ብቻ ናቸው።

ስሰናበታቸው እህሉ ገና አልታጨደም ነበር። «ዛሬም እዚያው ያድራሉ አባቴ?» አልኳቸው።

«የት ልሄድ ልጄ፤ አብሽር» አሉኝ። ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ ማማው ወጡ፤ ምንም ወደማይታይበት ወደ ዳገቱ ፊታቸውን አዙረው ተቀመጡ።